ስሟ ገና ነው

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በዚህ አልከራከርም። ቅጽል ስምን ግን የሚያወጣው ሽመልስ ነው። ይህን የምላችሁ በወሬ ሰምቼ ሳይሆን ደርሶብኝ ነው።

እውነተኛ ስሜን አልነግራችሁም። ብነግራችሁም የሚፈይድላችሁ ነገር የለም፤ ከመታወቂያዬ በቀር የሚያስታውሰው የለም። በ«ፍሬ» እንደሚጀምር ብቻ ያዙልኝ። ሁለተኛ ክፍል ሳለን ከትምህርት ቤታችን አጥር ጀርባ ጋራዥ ነበረ። አንድ ጠዋት መምህርታችን ስም እየጠራች «ፍሬ...» ብላ ሳትጨርስ፣ ከአጥሩ ወዲያ አንዱ መካኒክ «ፍሬቻው አይሠራም!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከኋላዬ የሚቀመጠው ሽመልስ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ቄስ፣ «ፍሬቻ» አለኝ። በቃ። መልአኩ ያወጣልኝ ስም በዚያች ደቂቃ ጡረታ ወጣ።

እንዲህ ነው እንግዲህ መኪና ሊታጠፍ ሲል ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ሆኜ ያደግሁት። ወደ ሱቅ ስዞር «አሳይተህ ታጠፍ እንጂ!» ይሉኛል። ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቶ ሳርገበግብ «ወዴት ልትገባ ነው?» ይሉኛል። ሳድግ ይለቀኛል ብዬ ነበር። ትዕግሥትን ለማግባት ሽማግሌ ስልክ ግን ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሽመልስ አባት ነበሩ። ሰውዬው በክብር ብድግ ብለው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ልጃችን ፍሬቻ ልጃችሁን ወዶ...» ብለው ጀመሩ። የትዕግሥት አባት ለአፍታ አሰቡና «ሹፌር ነው?» ብለው ጠየቁ።

አይደለሁም። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ካርጎ ነው የምሠራው፤ ዕቃ አስጭናለሁ፣ አስወርዳለሁ። እዚያም ፍሬቻ ነኝ።

ታዲያ ትዕግሥት አረገዘችና ሐኪሙ ሆዷን በመሣሪያ አይቶ «ሴት ናት» ያለን ዕለት፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ደረጃውን ወርደን በሩ ጋ ስንደርስ ደግሞ ላብ አጠመቀኝ። ትዕግሥት ስለ ልብስ ታወራለች፣ ስለ አልጋ ታወራለች። እኔ የሚታየኝ የሆነ ትምህርት ቤት፣ የሆነ ክፍል፣ ከልጄ ኋላ የተቀመጠ የሆነ ትንሽ ሽመልስ ነው።

«ምን ሆንክ?» አለችኝ።

«ስሟን ማን እንበላት?»

«መጀመሪያ በሰላም ትምጣ። ስም የትም አይሄድም» አለች። ሚስቴ ስሟ ትዕግሥት ነው፤ ከእኔ ጋር ስትኖር ስሟን ሠርታ ነው የምትበላው።

እኔ ግን አልታገሥኩም። ብዙ አሰብኩና እሾህን በእሾህ ነው አልኩ። ክፉ ስም የሚያወጣ ሰው ካለ፣ ክፉ ስም የማይወጣለትን ስም የሚያውቀውም እሱ ነው። ተነሥቼ ወደ ሽመልስ ሄድኩ።

ሽመልስ ዛሬ የሚኒባስ ሹፌር ነው። መገናኛ ላይ ተራው እስኪደርስ የሚቀመጥባት አንዲት ጠባብ ካፌ አለች። መንገደኛው በበሩ ሲያልፍ ክርኑ ወንበራችሁን ይነካል፤ የጥሪው ጩኸት፣ የሻጩ ጩኸት፣ የባቡሩ ድምፅ ሁሉ እዚያች ጠረጴዛ ላይ ይሰበሰባል። ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና ውሌን ነገርኩት።

«ለልጄ ስም ይዤልህ እመጣለሁ። አንተ ማኪያቶህን ጠጥተህ እስክትጨርስ ክፉ ቅጽል ስም ካላገኘህለት፣ ስሙ አለፈ ማለት ነው። ማኪያቶው በእኔ።»

ሽመልስ እጁን አሻሸ። ዕድሜ ልኩን ያለ ክፍያ ሲሠራ የኖረውን ሙያ ዛሬ ገና ሰው አወቀለት። «በል ጀምር» አለኝ።

«ሶልያና።»

«ሶል። የጫማ ሶል። ቀጥል።»

«ኬብሮን።»

«ኬብል። መብራት በጠፋ ቁጥር እሷን ነው የሚጠይቋት።»

«ቃልኪዳን።»

«ቃሪያ። ስትወፍር ደግሞ ቃሪያ ስንግ።»

«ሜላት።»

«ፀጉር አላት?»

«ከሆድ አልወጣችም እኮ!»

«እንግዲያው ለጊዜው መላጣ።»

ማኪያቶውን ገና አልነካውም ነበር።

በማግስቱም ሄድኩ፤ በሳልስቱም። ሐመልማል ሐሞት ሆነች። ትርሲትን ሲሰማ ፈገግ ብሎ «የወተት ጥርሷ ሲነቃነቅ ደውልልኝ» አለ። መስከረም መስኮት ሆነች። የሀገር ውስጡ ሲያልቅብኝ ወደ ውጭ ፊቴን አዞርኩ። ካርጎ ስትሠሩ የዓለም ሕዝብ ስም በሣጥን ላይ ተለጥፎ በፊታችሁ ያልፋል። አንድ ቀን ከአበባ ማሸጊያ ላይ «ቫለንቲና» የሚል አንብቤ እንደ ወርቅ ደብቄ ወሰድኩለት። «ቫዝሊን» አለኝ፤ ያውም አረፋውን ከከንፈሩ እየጠረገ።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ጊዜ፣ ድል ያደረግሁ መሰለኝ። «ብሌን» አልኩት። ሽመልስ ዝም አለ። ጠጣ። ጣሪያ አየ። ጨረሰ። «አሸንፈሃል» ብሎ ተነሣና ወጣ። ወዲያው ለትዕግሥት ደወልኩ። «ተገኘ! ብሌን!» ስላት፣ ሽመልስ ሚኒባሱን ተሳፋሪ ሞልቶ በካፌው ፊት ሲያልፍ፣ ጭንቅላቱን በመስኮት ብቅ አድርጎ መገናኛን በሙሉ በሚያናውጥ ድምፅ «ብልቃጥ!» አለ።

ትዕግሥት በስልኩ ሰማችው። «ምን ነው ያለው?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት።

በዚህ መካከል ሽመልስ በእኔ ማኪያቶ ጉንጭ አወጣ፣ እኔ ከሳሁ፣ የትዕግሥት ሆድ ገፋ፤ ሰኔ ገብቶ ዝናቡ መውረድ ሲጀምር ልጄ በሰላም ተወለደች። ሁለት ዓይን፣ አንድ አፍንጫ፣ ሽመልስ እንዳለውም ፀጉር የለሽ። ቆንጆ ነበረች። ስም ግን አልነበራትም።

የምንኖረው ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ነው። ከብሎካችን ሥር እትዬ ዘሀራ ሱቅ አላቸው። የወሎ ሴት ናቸው፤ ዳቦ፣ እንቁላል፣ ሳሙና ይሸጣሉ፤ ምክርና ምርቃቱን በነፃ ይጨምራሉ። የወለድን ሰሞን ዳቦ ልገዛ ስወርድ ያገኙኛል።

«ማሻአላህ! እንኳን ማርያም ማረቻት። ስሟን ማን አላችኋት?»

«ገና ነው፣ እትዬ ዘሀራ።»

በሌላው ቀን፦ «እህሳ፣ ስም ወጣ?»

«ገና ነው።»

በሌላው ሳምንት፦ «እኛ ዘንድ እኮ በሰባተኛው ቀን ስም ወጥቶ፣ በጉ ታርዶ፣ ተበልቶ አልቋል። እናንተ ምን ትጠብቃላችሁ?»

«እየተጠና ነው፣ እትዬ ዘሀራ። ገና ነው።»

«ይሁን እንግዲህ» አሉ ዳቦውን እያቀበሉኝ፣ «ገናዬን ሳምልኝ።»

ሳቅሁ። መሳቄ ነው የቀጣኝ። ከሰዓት በኋላ የሦስተኛ ፎቅ ልጆች ደረጃ ላይ አግኝተውኝ «ገና ተኝታለች?» አሉኝ። ማታ ጥበቃው በሩን እየከፈተ «ገና እንዴት ናት?» አለኝ። እሑድ ከላይ ያሉት ጡረተኛ መምህር ሊጠይቁን መጥተው ሕፃኗን አቀፏትና «እሰይ፣ ገና ብላችሁ አሳምራችኋል። ባለፈው ታኅሣሥ ነው የወለዳችሁ?» አሉ። በሰኔ የተወለደች፣ መዳፍ የምታህል ልጅ እጃቸው ላይ ይዘው ነው ይህን የሚሉት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ልጄ ስም ሳይኖራት ቅጽል ስም የወጣላት የመጀመሪያዋ የአዲስ አበባ ሰው ሆነች። ያውም ሽመልስ ሳይነካት! እኔ በሩን ሳጥር በመስኮት ነው የገባው።

እዚህ ላይ ዝም ብል ጥሩ ነበር። ብልህ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር። እኔ ግን አልቻልኩም፤ የብሎካችን ነዋሪዎች ውኃ ሲጠፋ የምንላቀስበት የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ እዚያ ላይ በሕጋዊ ቋንቋ ማስታወቂያ ጻፍኩ፦

«ውድ ጎረቤቶች፣ የልጃችን ስም ገና አይደለም። ስሟ ገና ነው። ስሟ ሲወጣ እናሳውቃለን።»

ልኬው ሳነበው ደነገጥኩ። ሳጠፋው ደግሞ አርባ ሰው አይቶታል። በቃል ሲነገር እኮ «ገና» ላልቶ ነው፤ ሲጻፍ ግን ከበዓሉ ጋር አንድ ነው፤ የሚያጠብቀውና የሚያላላው አንባቢው ነው። አንዱ ጎረቤት «አልገባኝም፤ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ ጻፈ። ጡረተኛው መምህር «ዐረፍተ ነገሩ ራሱን በራሱ ይቃረናል» አሉ። ከአራተኛ ፎቅ አንዲት ሴትዮ፣ በሐምሌ ጭጋግ፣ «እንኳን ለገና በዓል በሰላም አደረሳችሁ» ብላ የሻማ ሥዕል ላከች። ሌሎቹም ተከታተሉ፤ እስከ ምሽት ድረስ እንኳን አብሮ አደረሰን ስንባባል ዋልን።

ትዕግሥት እስከዚህ ድረስ ትስቅ ነበር። የክትባት ቀን ነው ሳቋ ያለቀው።

እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ እትዬ ዘሀራ ሱቃቸውን ዘግተው አብረዋት ጤና ጣቢያ ሄዱ። መዝጋቢዋ የሕፃኗን ስም ስትጠይቅ ትዕግሥት የልጅቷን መጠቅለያ እየፈታች ስለነበር እትዬ ዘሀራ ቀድመው «ገና ነው፣ የኔ ልጅ» አሉ። በየዋህነት ነው ያሉት። መዝጋቢዋም በየዋህነት ጻፈችው። ቆይቶ ነርሷ ካርዱን አንሥታ፣ አጥብቃ፣ ልክ እንደ በዓሉ፣ «ገና!» ብላ በኮሪደሩ ተጣራች። ተሰልፈው የነበሩት እናቶች ዞር ዞር አሉ። ትዕግሥትም ልጇን ታቅፋ ተነሣች።

ከሥራ ስመለስ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ አገኘኋት። ልጅቷ ደረቷ ላይ ተኝታለች፤ የተወጋችበት ጭኗ በትንሹ አብጧል። ሰላም አልኳት፤ አልመለሰችልኝም። የሚስቴ ቁጣ ዝምታ ነው፤ ዝምታዋ ደግሞ ቤቱን ሁሉ ይሞላዋል፣ መቀመጫ አያስተርፍም። ቆሜ ቀረሁ።

«ሳስተኛት እሹሩሩ እላታለሁ» አለችኝ በመጨረሻ። «እሹሩሩ እልና ስሟ ጋ ስደርስ ዝም እላለሁ። ምን ልበላት? ዛሬ በሰው ፊት ሲጠሯት ተነሣሁላቸው። ሌላ የምነሣበት ስም ስላልሰጠሃት ነው የተነሣሁት።»

«እንዳይቀልዱባት ብዬ እኮ ነው...»

«ይቀልዱባት!» አለች። ድምፅዋ ከፍ ሲል ሕፃኗ ተንቀሳቀሰች፤ እሷም ዝቅ አደረገችው። «የሚቀልዱበት ስም ይኑራት በመጀመሪያ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩና ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገርኳት። ስምንተኛ ክፍል ሆኜ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ የጻፍኩትን ግጥም እንዳነብ ተመርጬ ነበር። መድረኩ ላይ ወጥቼ ወረቀቴን ስዘረጋ፣ ከተማሪው መሐል አንድ ድምፅ «ፍሬቻ፣ ወደ ቀኝ!» አለ፤ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ወደ ቀኝ ዞረ። ወረቀቴን አጥፌ ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ ግጥም ጽፌ አላውቅም። ትልቅ ነገር አይደለም፤ ማንም አልሞተም። ግን ልጄ ከመድረክ እንድትወርድ አልፈለግሁም።

ትዕግሥት የሕፃኗን ራስ ዳበስ አደረገችና «ይህን ሁሉ ያመጣብህ ሽመልስ ከሆነ» አለችኝ፣ «ለምንድን ነው ጓደኛህ የሆነው?»

ጥያቄው ያልጠበቅሁት ነበር።

«አባቴ የሞተ ቀን» አልኳት፣ «ሰው ሁሉ በትክክለኛ ስሜ ነበር የሚጠራኝ። ያውም አቶ እያሉ። እግዜር ያጥናህ አቶ እገሌ፤ እግዜር ያጥናህ አቶ እገሌ። ለሌላ ሰው የሚሉ ነው የሚመስለኝ፤ እንባ እንኳ እምቢ አለኝ። ሽመልስ ውጭ ድንኳን ሲተክል ቆይቶ፣ እጁ ጭቃ እንደሆነ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠና ‹አይዞህ ፍሬቻ› አለኝ። ያኔ ነው ያለቀስኩት።»

ትዕግሥት አየችኝ። ከዚያ ሕፃኗን ቀስ ብላ ከደረቷ አንሥታ እቅፌ ውስጥ አኖረቻት።

«እንግዲያው ለእሷም እግዜር አንድ ሽመልስ ይስጣት» አለች።

ጳጉሜ ላይ እናቴ ከደብረ ብርሃን መጣች፤ ክርስትናው መስከረም ውስጥ ነው፣ ጠላው መጠመቅ አለበት። እማዬ ጌሾና ብቅል ብቻ አይደለም ይዛ የመጣችው፣ ስምም ይዛለች። ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ፦

«እልፍነሽ» አለች። «የአያትህ እናት ስም ነው።»

«እልፍነሽ...» አልኩ እኔ፤ አመል ነውና አፌ በራሱ መሥራት ጀመረ። «እልፊ... እልፍኝ... እልፍ...»

«ምን ታጉተመትማለህ?»

«ምንም፣ እማዬ። ጥሩ ስም ነው። ግን ልጆች ‹እልፍኝ አስከልካይ› ቢሏትስ?»

እናቴ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። «እኔ አንተን ሳሳድግ ጭንቅላትህን የሆነ ቦታ መትቼሃለሁ» አለች። ከዚያ ፊቷን ከእኔ መልሳ ወደ ትዕግሥት ዞረች። «አንቺስ የኔ ልጅ? አምጠሽ የወለድሽ አንቺ ነሽ። አንቺ ማን አልሻት?»

እኔ ከመገናኛ እስከ ካርጎ፣ ከሐመልማል እስከ ቫለንቲና ስዞር፣ ልጅቷ ከተወለደች ወዲህ ይህን ጥያቄ ለሚስቴ አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣሁላትም። ፊቴን የት ላድርገው?

ትዕግሥት መጀመሪያ እግሯን አየች። «ቀልድ ይሆናል ብዬ ነው እንጂ...» አለች። «ምጡ የያዘኝ ከምሽት ጀምሮ ነበር፣ እማማ። የማይነጋ መስሎኝ ነበር። አዋላጇ ተቀብላ ስታስታቅፈኝ መጋረጃውን ገለጥ አደረገችው፤ ዝናቡ አባርቶ፣ ሰማዩ ቀልቶ፣ አንድ አውሮፕላን ከቦሌ ሲነሣ አየሁ። ነጋ ማለት ነው አልኩ። አብረን ነው የነጋልን፣ እሷና እኔ። ማለዳ ብላት ደስ ይለኛል።»

«ማለዳ» አለች እናቴ። አንዴ ደገመችው። «ማለዳ።» እንደ ጠላ ምላሷ ላይ ቀምሳ ዋጠችው። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እልልታዋን ስታቀልጠው እልፍነሽ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለሰች።

እኔም ደስ አለኝ። ግን ከእልልታው ሥር አፌ ቀስ ብሎ «ማሊ... ማላ... መላ...» እያለ ነበር። ትዕግሥት ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«ዝም በል» አለችኝ።

ዝም አልኩ።

የክርስትናው ቀን ቤታችን ሞልቶ ሰው እስከ ደረጃው ተርፏል። ቄሱ የክርስትና ስም ሰጥተዋታል፤ እሱን ቤተ ክርስቲያን ትያዘው። እትዬ ዘሀራ ሐር የመሰለ ሻሽ አስረው፣ ሣጥን ሙሉ ለስላሳ አስይዘው መጡ። የጤና ጣቢያው ነገር ከንክኗቸው ነበርና ትዕግሥትን አቅፈው «እኔ ነኝ ያስቀየምኩሽ፤ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አሉ። ትዕግሥት ሳቀች። ጡረተኛው መምህር በቴሌግራም የወጣውን አዲስ ማስታወቂያ አመሰገኑ፤ «የልጃችን ስም ማለዳ ነው» ይላል፤ ስሕተት የሚገኝበት ቦታ የለውም።

ከዚያ ሽመልስ ገባ። የካርጎ ባልደረቦቼ ውሉን ሰምተዋልና ሁሉም ወሬውን አቆመ። ሽመልስ እጁን ታጥቦ፣ ልጅቷን እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ ተቀበለ። ማለዳ ዓይኗን ከፈተች፤ አየችው፤ አውራ ጣቱን ጨብጣ ያዘች።

«እህሳ?» አልኩት።

ሽመልስ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጅቷን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ እንደገና ልጅቷን አየ። «ጊዜ ስጡኝ» አለ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጊዜ ጠየቀ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እሱ ግን ጭብጨባውን የሰማም አይመስልም፤ እንግዳው ተበታትኖ እናቴ ሳህን ማጠብ እስክትጀምር ድረስ ልጅቷን አላወረዳትም።

ከዚያ በየሳምንቱ ይደውላል። «ማላ» ይላል፤ «አይሆንም አይደል?» «አይሆንም።» ይዘጋል። «መለዳ» ይላል፤ ራሱ አፍሮ ይዘጋዋል። አንድ ቀን ግን ካርጎ ውስጥ ሣጥን እየቆጠርኩ ስልኬ ጮኸ፤ ሳነሣው ከመገናኛ ጩኸት በላይ ይጮኻል፦

«አገኘሁት! ማርማላታ!»

ማርማላታ! ዳቦ ላይ የሚቀባው! ቢያንስ ቢያንስ ልቆጣ ይገባኝ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሳቄ መጣ። ቤት ስደርስ ለትዕግሥት ነገርኳት፤ እሷም ሳቀች። ልጅቷን ብድግ አድርጋ ጉንጯን ሳመቻትና «እውነቱን ነው፣ ትጣፍጣለች» አለች። ማርማላታ ግን አልያዘም። ሽመልስ ራሱ ሊጠይቃት ሲመጣ «ማለዳዬ» ነው የሚላት፤ ሰው ፊት ሲሆን ብቻ ሙያው እንዳይቀርበት ማርማላታ ይላል። «ገና» የሚለውም ቢሆን ትክክለኛው ገና ከመድረሱ በፊት ከብሎካችን ጠፋ። ሰው እኮ እንዲያ ይላት የነበረው ሌላ የሚጠራበት ስም ስላልነበረው ነው።

ማለዳ ዛሬ በእግሯ ትሄዳለች፤ በእግሯ ብቻ ሳይሆን በራሷ ሐሳብም ትሄዳለች። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት እንቁላል ልንገዛ አብረን ወረድን። እትዬ ዘሀራ ከባንኮኒው በላይ ጎንበስ ብለው ብስኩት አስያዟትና፣ ንግግሯን ሊሰሙ ፈልገው፦

«የኔ እመቤት፣ ስምሽ ማነው?» አሏት።

ልጄ ብስኩቱን ወደ ግራ እጇ አዛወረች። ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አሳረፈችና፣ በጣም ኮራ ብላ፦

«ዳዳ!» አለች።

«ዳዳ!» አሉ እትዬ ዘሀራ እያጨበጨቡ። «ዳዳዬ!» ሱቁ ውስጥ ከነበሩት የሦስተኛ ፎቅ ልጆች ሁለቱ ወዲያው ያዙት። «ዳዳ! ዳዳ!»

ቶሎ ብዬ ተንበረከክሁ። «ዳዳ አይደለም የኔ ቆንጆ። ማለዳ በያቸው። ማ... ለ... ዳ።»

አየችኝ። ነገር ቶሎ የማይገባውን ሰው እንደሚያስተምር ሰው፣ ከንፈሬን እያየች፣ ቀስ አድርጋ መለሰችልኝ፦ «ዳ... ዳ።»

እዚያው ቆሜ ለሽመልስ ደወልኩ። ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ የመገናኛ ጩኸት ብቻ ነበር የሚሰማኝ።

«ማን ነው ያወጣላት?» አለኝ በመጨረሻ።

«ራሷ።»

«ራሷ?» ትንሽ አሰበ። «ወይ ጉድ» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ቅናትም ኩራትም ነበረ። «ከዚህ በኋላ እኔን ለምን ሥራ ነው የምትጠሩኝ?» ብሎ ተራው ደርሶት ዘጋው።

እንቁላሉን በአንድ እጄ ይዤ፣ ሌላውን እጄን ዘረጋሁላት። አልያዘችውም። የደረጃውን ብረት ጨብጣ፣ እግሯን ከጉልበቷ በላይ እያነሣች፣ በራሷ መውጣት ጀመረች። ደረጃው ገና ታጥቦ ውኃው አልደረቀም ነበር። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ጫማዋ ሸርተት አለ፤

«ዳዳ፣ ቀስ በይ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእኔ ነበር።

ዘወር ብላ አየችኝ፤ ብስኩት በብስኩት በሆነ አፏ ሳቀችልኝና ቀስ ብላ መውጣቷን ቀጠለች።